ቦርሳዬን አጥር ላይ የሰቀልኩበት ዘመን

እኔን የሚያታልል ስልክ ገና አልተፈለሰፈም። «ከፍርድ ቤት ነው የምንደውለው፣ ዕዳ አለብዎት፣ ዛሬ ካልከፈሉ ነገ እስር ቤት ነዎት» የሚል ድምፅ ከሳሪስ አቦ እስከ አቃቂ ድልድይ ማዶ ለማንም ሰው ቢደውል፣ ደዋዩ «ሀሎ» ብሎ ሳይጨርስ ሐሰተኛ መሆኑን እናገራለሁ። እንዲያውም ልጨምርላችሁ፤ ስልኩ ሳይጠራ ነው የማውቀው። ሰው ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ አሽትቼ «ይሄ ዛሬ ሌባ ይደውልበታል» ያልኩበት ቀን አለ። ሚስቴ ሰናይት «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ትላለች። እሷ ምስክርነቷ ሁልጊዜ በእኔ ላይ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እውቀት እያለኝ፣ እንዲህ ያለ ስልክ የተደወለላቸውን አንዲት ሴት ላድን ሮጬ ሄጄ ላማቸውን ያሳጣኋቸው እኔው ነኝ። ሌባው ብቻውን አይሆንለትም ነበር። እኔ አገዝኩት።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሽማግሌ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ሃምሳን ገና መሻገሬ ነው። ጉልበቴ ግን ከእኔ ቀድሞ አርጅቶ በሕክምና ወረቀት አስወጣኝ። ስለ ጡረታው ገንዘብ አላወራችሁም፤ ለወሬም አይበቃም። ጠዋት ጠዋት ቃሊቲ ካለው ቤቴ ደጃፍ በርጩማ አውጥቼ መንገድ አያለሁ። ሰው ሁሉ ወደ ሆነ ቦታ ይሄዳል። እግሬ ሥር አቧራ የለም። ይሄ ነው የሚገርመኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያማረርኩት አቧራ ይናፍቀኛል።

ሥራዬ መጥሪያ አድራሽነት ነበር። መንግሥት ተለውጦ ብዙም ሳይቆይ በአካባቢያችን ፍርድ ቤት ተቀጠርኩ። ሰው ሲከሰስ ፍርድ ቤቱ «በዚህ ቀን ቀርበህ መልስ ስጥ» ብሎ የሚልክበትን ወረቀት ለባለቤቱ በእጁ መስጠት፣ ቅጂው ላይ ማስፈረም፣ ቅጂውን ለመዝገብ ቤት መመለስ ነው። አልቀበልም ካለ ምስክር አቁሞ በሩ ላይ መለጠፍ። የመጀመሪያው አለቃዬ፣ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ሬጅስትራሩ፣ በተቀጠርኩ ቀን ቀልድ ልነግራቸው አፌን ስከፍት «ወንድሜ፣ የተቀጠረው እግርህ ነው፤ አፍህን ቤትህ ትተኸው ና» አሉኝ። በኋላ ኮምፒውተር የሚወድ ሌላ አለቃ መጣ። የወረቀቱ ጽሕፈት አማረ፤ የሰፈሩ ጭቃ ግን ያው ጭቃ ነበር።

በአቃቂ ቃሊቲ እንደ እኔ የታወቀ ሰው አልነበረም። ሚኒስትር ቢያልፍ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ እኔ ብቅ ስል ግን ሰፈር ይንቀሳቀሳል። መንቀሳቀስ ማለት መደበቅ ነው። «ታደለ መጣ!» ሲባል በር ይዘጋል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ ገጠር ሄዷል። ውሾቹ ስሜን ከነአያት ያውቁት ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ደላላ ሲያየኝ ግቢው ውስጥ የነበረ ባዶ በርሜል ውስጥ ገባ። በርሜሉ አጠገብ ቆሜ «እንደምን አደርክ?» አልኩት። በርሜሉ ዝም አለ። «ቤተሰብ ሰላም ነው?» አልኩ። በርሜሉ አስነጠሰ። «ይማርህ» ብዬ ወረቀቱን በአፉ በኩል ሰጠሁት። እጁ ብቻ ወጥቶ ፈረመልኝ። ያን ያህል ያማረ ፊርማ ጠረጴዛ ላይ እንኳ አይቼ አላውቅም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ደበላ ናቸው። ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቻቸው የማላውቅ ሰው ነበሩ። የዚሁ የአቃቂ ዙሪያ ልጅ ናቸው፤ የአባታቸው እርሻ ወደ ኮዬ ፈጬ ነበር። በኋላ ኮንዶሚኒየሙ መቆም ሲጀምር አንድ ቀን አብረን ሄደን ቀና ብለው አይተው «እዚህ ጤፍ አጭጃለሁ፤ የትኛው ፎቅ ላይ እንደሆነ ግን እንጃ» አሉኝ። የተናገሩት ቀልድ እሱ ብቻ ነው። እኔ ስቄ እሳቸው ሳይስቁ ቀሩ።

ጋሽ ደበላ ግቢ ከመግባታቸው በፊት ጫማቸውን በቅጠል ይጠርጋሉ። ሰው ማዕድ ላይ ካለ ውጭ ቆመው እስኪጨርስ ይጠብቃሉ፤ «የጎረሰ ሰው ክስ አይሰማም» ይሉ ነበር። ወረቀቱን በቀጥታ አይሰጡም። ቁጭ ይላሉ፣ ውሃ ይጠይቃሉ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ከዚያ በአማርኛ ያነቡታል፤ ባለቤቱ ኦሮምኛ የሚቀለው ከሆነ በኦሮምኛ ይደግሙታል። ሰውየው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ክንዱን ይዘው የሚሉት ሁልጊዜ አንድ ነው። «መጥሪያ ፍርድ አይደለም። መጥሪያ ማለት መጥተህ ተናገር ማለት ነው። የምትለውን ልንሰማህ እንፈልጋለን ማለት ነው።» የሰውየው እጅ ሳይረጋጋ ከግቢው አይወጡም ነበር። እኔ ሦስት ቤት ባዳረስኩበት ጊዜ እሳቸው አንድ ቤት ናቸው። ሬጅስትራሩ ሲቆጧቸው አንገታቸውን ደፍተው ይሰሙና በማግስቱ ያንኑ ያደርጋሉ።

ከሁሉ የበለጠው ትምህርታቸው ግን የቦርሳው ነው። የእያንዳንዳችን ቦርሳ ቡናማ፣ ማንገቻው ሰፊ፣ ከሩቅ የሚለይ ነበር። በሥራ ላይ ስንሆን ቦርሳው ትከሻችን ላይ በግልጽ ይታያል፤ በጃኬት ሥር መደበቅ የለም። «ሰው ምን እንደመጣበት ከሩቅ አይቶ ልቡን ያዘጋጅ» ይላሉ። ለወግ፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ወይም ውሃ ለመጠጣት ሰው ቤት ስንገባ ደግሞ ቦርሳው ውጭ አጥር ላይ ይሰቀላል። ቦርሳው ከተሰቀለ የመጣው ጎረቤት ነው፤ ቦርሳው ከተነገተ የመጣው ፍርድ ቤት ነው። «ወረቀቶቹስ ቢሰረቁ?» ስላቸው፣ ጋሽ ደበላ ረጋ ብለው «ክስ የሚሰርቅ ሌባ አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ። እውነትም ማንም ነክቶት አያውቅም። ሰዉ በዚያ ምልክት ተማመነ። አጥር ላይ ቦርሳ ካየ ተደብቆ የነበረው ሁሉ ይወጣና «ታዴ፣ ግባ እንጂ!» ይላል።

በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ የምወደው አንድ ግቢ ነበር። ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ፣ ወደ ወንዙ ሲወረድ፣ የእትዬ ዘነበች ግቢ። እትዬ ዘነበች ከክር ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቦቃ በምትባል አንዲት ላም ወተት የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። ቦቃ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ጥቁር ላም ነበረች፤ እኔ ስመጣ ሌላውን ሰው የማታየውን አስተያየት ታየኝ ነበር። የምትታለበው ለሰፈሩ ነው፤ የእትዬ ዘነበች የቤት ኪራይ፣ ዘይት፣ እድር፣ ሁሉም ከቦቃ ጡት ነበር የሚወጣው። ለእትዬ ዘነበች አንድም ቀን መጥሪያ ይዤ ሄጄ አላውቅም። ስለዚህ በሩ አይዘጋም። ሲደክመኝ ጎራ እላለሁ። እትዬ ዘነበች ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ይጮኻሉ።

«ቦርሳህን ስቀል!»

«እትዬ፣ ቢያንስ እግዜር ይስጥልኝ ልበል።»

«ስቀል መጀመሪያ! ያ ነገር ሲሰቀል ነው አንተ ታደለ የምትሆነው። ተሸክመኸው ግን መንግሥት ነህ፤ መንግሥት ደግሞ ወተት አላጠጣም።»

እሰቅላለሁ። ወተት በጣሳ ይመጣል። ረቡዕና ዓርብ ሻይ ነው። ቀልዴን የሚስቁልኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። የበርሜሉን ወሬ ምን ያህል ጊዜ እንዳስደገሙኝ አላውቅም፤ እኔም በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ጨመርኩበት፣ መጨረሻ ላይ በርሜሉ ውስጥ ሦስት ተከሳሽና አንድ ዶሮ ነበር።

ሞባይል በየኪሱ ከገባ በኋላ ነው እንግዲህ ያ የስልክ ሌብነት የመጣው። ያኔ አየር ሰዓት የሚሞላው ካርድ ተገዝቶ፣ ቁጥሩ ተፍቆ ነው። ሌባው ደውሎ «ከፍርድ ቤት ነው፤ ዋስ የሆኑለት ሰው ዕዳ አልከፈለም፤ በእርስዎ ላይ ተፈርዷል። ካርድ ይግዙና ቁጥሩን ያንብቡልን፤ እስሩን በገንዘብ ቅጣት እንለውጥልዎታለን» ይላል። ሞኝነት ይመስላል አይደል? አይደለም። በእኛ ሰፈር ዋስ ሆኖ የማያውቅ ሰው የለም። አንዱ ፋብሪካ ሲቀጠር ሌላው ይፈርምለታል፤ አንዷ ስትበደር ጎረቤቷ ትፈርምላታለች። ሌባው ስለ ማንም ምንም ማወቅ አያስፈልገውም ነበር። «ዋስ የሆኑለት ሰው» ሲል እያንዳንዱ ሰው ልብ ውስጥ አንድ ስም ራሱ ይነሣል።

የዚያን ቀን እኔ ሳሪስ አቦ ነበርኩ። የእትዬ ዘነበች ጎረቤት ባለሱቁ ከድር ደወለልኝ።

«ታዴ፣ የት ነህ?»

«ምነው፣ እኔንም ከሰሱኝ?»

«ቀልዱን ተወው ባክህ። እትዬ ዘነበች ከጠዋት ጀምሮ ካርድ እየገዙኝ ነው። እዚሁ ቆመው ይፍቃሉ፣ ቁጥሩን በስልክ ለሰው ያነባሉ። ምንድነው ብላቸው ‹ዝም በል፣ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው› አሉኝ። አሁን ያላቸው አልቆ ላሟን ልሸጥ ነው ብለው ወደ ቤት ሄዱ።»

«ያዛቸው! መጣሁ!»

«እንዴት አድርጌ ልያዛቸው? ሱቄን ለማን ትቼ?»

ታክሲ ላይ ዘልዬ ወጣሁ። ረዳቱን ለአንድ ቀን ሾፌር እንዲሆን፣ ሾፌሩን አውሮፕላን አብራሪ እንዲሆን ለመንኳቸው። ቃሊቲ ላይ መንገዱ ሲዘጋጋ ወርጄ ሮጥኩ። ያኔ ጉልበት ነበረኝ። ሐዲዱን ተሻግሬ፣ ቁልቁለቱን ወርጄ፣ የእትዬ ዘነበችን የቆርቆሮ በር በጡጫ መታሁት።

«እትዬ! እትዬ ዘነበች! ይክፈቱ!»

በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ፤ ግቢው ባዶ ነው። ቦቃ በበረቷ ትታየኛለች። ላሟ ካለች ባለቤቷ አልሄዱም ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። የላም ገዢ ፍለጋ ወጥተው ይሆናል፤ ሲመለሱ ይዣቸው እነግራቸዋለሁ። ላሟንም ይዘው በዚህ በር ነው የሚወጡት። እናም በራሴ ብልኃት እየኮራሁ በሩ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዘበኛ ሆንኩ። ከአላፊ አግዳሚው ጋር እየቀለድኩ፣ እየሳቅኩ ጠበቅኩ። አንድ ጊዜ ውስጥ የሆነ እንጨት ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ቦቃ እየታከከች ነው አልኩ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ እትዬ ዘነበች መጡ። የመጡት ግን ከውስጥ አይደለም፤ ከመንገዱ በኩል፣ ከሐዲዱ አቅጣጫ። በእጃቸው ገመድ ይዘዋል። ገመዱ ጫፍ ላይ ምንም የለም።

ተነሣሁ። ሲያዩኝ ቆሙ።

«ከፍያለሁ» አሉ። «አሁን ሂድ።»

«ለማን ነው የከፈሉት እትዬ? ሌባ ነው እኮ! እኔ ይህን ልነግርዎት ነው የመጣሁት!»

«ሰው ልከናል አሉኝ። ‹መጥሪያ የያዘ ሰው መንገድ ላይ ነው፤ እሱ ሳይደርስ ከከፈሉ እንመልሰዋለን፣ ከደረሰ ግን እስር ነው› አሉኝ። እኔ አላመንኳቸውም ነበር። ‹ሌባ ይሆናሉ፤ ላሟን ከማውጣቴ በፊት ታደለ ይምጣ፣ እሱን ልጠይቀው› ብዬ በቀዳዳው መንገድ መንገድ እያየሁ ነበር።» «መጣህ። እየሮጥክ መጣህ።»

«ታዲያ ለምን አልከፈቱልኝም?»

እትዬ ዘነበች በገመዱ ጫፍ ወደ ትከሻዬ ጠቆሙ።

ቦርሳው ትከሻዬ ላይ ነበር።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። በችኮላ ረስቼው ነው ብል እውነት ነው፤ ግን ምን ይረባል? እሳቸው በቀዳዳው ያዩት ታደለን አይደለም፤ የተላከውን ሰው ነው። ሌባው የተናገረውን ቃል በእግሬ ሮጬ ሄጄ እውነት አደረግኩለት። እኔ ፊት ለፊቱን በር ስጠብቅ፣ እሳቸው ከኋላ ያለውን የአጥር እንጨት ነቅለው፣ ቦቃን በወንዙ በኩል አውጥተው፣ ለመጀመሪያው ነጋዴ በሰጣቸው ዋጋ ሸጠው፣ በገንዘቡ ከሌላ ሱቅ ካርድ ገዝተው ለሌባው አንብበዋል።

ከድርና እኔ ነጋዴውን ፍለጋ ሄድን። ቦቃን ከሌሎች ጋር በአይሱዙ ጭኖ ወደ ደብረ ዘይት መንገድ ወጥቷል አሉን። ፖሊስ ጣቢያ አመለከትን፤ ተረኛው በደንብ አዳምጦ ጻፈልን። በሌባው ቁጥር ሲደውል ስልኩ ተዘግቶ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ደበላን ይዤ ሄድኩ። ያኔ ጡረታ ሊወጡ ተቃርበው ነበር። እሳቸው ጫማቸውን ጠረጉ፣ ቦርሳቸውን አጥሩ ላይ ሰቀሉ፣ «እቴ ዘነበች» ብለው ተጣሩ። በሩ ተከፈተ፤ ለእሳቸው። እኔ ከኋላቸው ሾልኬ ገብቼ ከባዶው በረት አጠገብ ቆምኩ። ስለ ዝናቡ አወሩ። ውሃ ጠጡ። ያን ጊዜ ስልኩ ጠራ። ሌባ አንዴ ከቀመሰ ተመልሶ ይመጣል፤ ቁጥሩን ብቻ ይቀይራል። እትዬ ዘነበች ስልኩን እንደ ፍም ለጋሽ ደበላ አቀበሏቸው። ድምፁ ለሁላችንም ይሰማ ነበር፤ ወጣት፣ ችኩል፣ የቢሮ ሰው ለመምሰል የሚታገል ድምፅ።

«ወይዘሮ ዘነበች፣ መዝገቡን ለመዝጋት ቀሪ ክፍያ አለ።»

«ወንድማቸው ነኝ» አሉ ጋሽ ደበላ። «መጥተው መናገር ይፈልጋሉ። የትኛው ችሎት ይቅረቡ?»

«መምጣት አያስፈልግም አባባ። በስልክ ያልቃል።»

«የመዝገቡ ቁጥር ስንት ነው? እኔ ሄጄ መዝገብ ቤት ልጠይቅላቸው።»

«አባባ፣ ነገሩን አያወሳስቡት። ለሰው ከተነገረ ፖሊስ ይላካል።»

«ልጄ» አሉ ጋሽ ደበላ፣ ልክ መጥሪያ ሲያነቡ እንደሚያወሩት ረጋ ብለው፤ «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለፍርድ ቤት ሰው ስጠራ ኖሬአለሁ። ፍርድ ቤት ‹ና› ይላል፣ ‹ተናገር› ይላል። አንተ ‹አትምጣ፣ አትናገር› ነው የምትለው። ይሄ ፍርድ ቤት የት እንዳለ ንገረኝና እኔ ራሴ ልቅረብ።»

ስልኩ ተዘጋ። ጋሽ ደበላ ለእትዬ ዘነበች መለሱላቸውና «ከእንግዲህ እንዲህ በሏቸው» አሉ፤ «‹እመጣለሁ› በሏቸው። እመጣለሁ የሚል ሰው አይወዱም።»

ስንወጣ ከአጥሩ ላይ ቦርሳቸውን አነሡ። ጥቂት ተራመድን።

«ትናንት ቦርሳህ የት ነበር?» አሉኝ።

«ትከሻዬ ላይ።»

የራሳቸውን ማንገቻ ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። እስከ ሐዲዱ ድረስ አብረን ሄድን፤ ከዚያ እሳቸው ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ግራ።

የእድሩ ሰዎች ተዋጥተው ለእትዬ ዘነበች አንዲት ጊደር ገዙላቸው። ጊደር ማለት ግን ተስፋ ነው እንጂ ወተት አይደለም፤ እስክትወልድ ድረስ እትዬ ዘነበች የሰው ልብስ አጠቡ። የእድሩ ሊቀመንበር «ይሄን ነገር ለሰዉ አስረዳ፤ አፍ አለህ» አሉኝ። በእድሩ ድንኳን በተደረገው የእሑድ ስብሰባ ተነሥቼ አፍንጫዬን ይዤ የሌባውን ድምፅ አወጣሁ።

«እኔ ሌባው ነኝ! ዋስ ሆናችሁ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ!» ድንኳኑ ሙሉ እጅ ሆነ። «አያችሁ? ይሄን ብቻ ነው የማውቀው!»

አንድ ጡረተኛ ወታደር ተነሡ። «እውነተኛው ፍርድ ቤት ቢደውልልኝስ? ሌባ ነህ ብዬ ብዘጋበት አያስሩኝም?»

«አባቴ፣ እውነተኛው ከሆነ ‹ይምጡ› ነው የሚልዎት። ስልኩን ይዝጉና በእግርዎ ፍርድ ቤት ይሂዱ፤ መዝገብ ቤት ‹በስሜ ክስ አለ ወይ?› ይበሉ። ደዋዩ በሰጠዎት ቁጥር መልሰው እንዳይደውሉ፤ የሚያነሣው ራሱ ነው። ካርድ ፍቆ የሚቀበል ዳኛ ደግሞ እስካሁን አልተሾመም። ‹ለማንም አትንገር› ያለዎት ጊዜ ያኔውኑ ለሰፈሩ ሁሉ ይንገሩ። ለእኔ ግን አይንገሩኝ፤ እኔ አፌ አያርፍም።»

ሰዉ ሳቀ። እትዬ ዘነበች ከኋላ ተቀምጠው ነበር። አልሳቁም።

ከዚያ ወዲያ በዚያ ግቢ በር ባለፍኩ ቁጥር ቦርሳዬን አጥሩ ላይ እሰቅላለሁ። አላንኳኳም። «እንደምን ዋሉ እትዬ» እላለሁ፣ ትንሽ እቆማለሁ፣ ቦርሳዬን አንሥቼ እሄዳለሁ። ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ፤ የጊደሯን ሳር ሲቆርጡ ይሰማኛል። ከድር ከሱቁ ሆኖ «ዛሬስ?» ይለኛል። «ዛሬ ማጭዱ ትንሽ ለስለስ ያለ ይመስላል» እለዋለሁ። የበጋው ወራት እንዲህ አለፈ።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ውሽንፍር ባለበት ዝናብ እንደ ልማዴ ሰቅዬ ቆምኩ። እንደምን ዋሉ አልኩ። ውሃው በአንገቴ ገብቶ በጫማዬ ይወጣል። መሄድ ነበረብኝ፤ ግን ወረቀቶቹ እየራሱ መሆኑንም ረስቼ ቆምኩ። ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«አንተ! ቦርሳው ይበሰብሳል እኮ!»

«ይበስብስ እትዬ።»

«የሰው ጉዳይ ነው ውስጡ ያለው። አስገባው።»

«ወደ ውስጥ?»

«ታዲያ ወደ ወንዙ ልትጥለው ነው? አስገባው አልኩህ!»

በሩ ተከፈተ። ቦርሳውን አቅፌ እንደ ሕፃን ይዤው ገባሁ። እትዬ ዘነበች ተቀብለውኝ በጨርቅ ጠረጉት፤ መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ ጨርቁን ለእኔ ወረወሩልኝ። እትዬ ዘነበች ያን ቦርሳ በእጃቸው ሲነኩት ያ የመጀመሪያው ነበር። ጊደሯ በረት ውስጥ ሆና ታየናለች። ወተት ገና የለም፤ ሻይ ጠጣን።

«የበርሜሉን ወሬ ንገረኝ» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ያን ቀን ምንም አልጨመርኩበትም።

ጋሽ ደበላ ጡረታ ወጥተው ብዙም አልቆዩም። ለቅሷቸው ላይ ቦርሳዬን የድንኳኑ ገመድ ላይ ሰቅዬ ገባሁ። ስወጣ ገመዱ ላይ የሌሎቹ መጥሪያ አድራሾች ቦርሳዎች ተደርድረው አገኘሁ፤ የትኛው የእኔ እንደሆነ ለማወቅ አንድ በአንድ መክፈት ነበረብኝ። እኔም ተራዬ ደርሶ ስወጣ ቦርሳውን ለዕቃ ግምጃ ቤት አስረከብኩ። ጸሐፊዋ ተቀብላ «አሮጌ» ብላ መዘገበች። ስለ ቦርሳው ይሁን ስለ እኔ አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ወዲህ በር ሁሉ ይከፈትልኛል። ማንም አይደበቅም፣ በርሜል ውስጥ የሚገባ የለም፣ ውሾቹ እንኳ ቀና ብለው አይተውኝ መልሰው ይተኛሉ። ሰው ከሩቅ አይቶኝ ልቡን የሚያዘጋጅበት ነገር የለኝም። እንዲህ ሆኜ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ሳለ ነው፣ በቅርቡ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኬ የጠራው።

«አቶ ታደለ ወልዴ ይመር?»

ከነአያቴ! ማንም ከነአያቴ ከጠራኝ ቆይቷል።

«ከፍርድ ቤት ነው። በዋስትና ጉዳይ በስምዎ መዝገብ ተከፍቷል፤ ችሎቱ ትዕዛዝ ሰጥቷል።»

ወዲያው አወቅኩት። ቁና ቁና ይተነፍሳል፤ ጀማሪ ነው። መዝጋት ነበረብኝ። ግን መዝገብ፣ ችሎት፣ ትዕዛዝ የሚሉትን ቃላት ሲጠራቸው ጆሮዬ ሰውየውን ሊለቀው አልፈለገም።

«እመጣለሁ» አልኩት።

«መምጣት አያስፈልግም።»

«እንግዲያው መጥሪያውን በሰው ላክልኝ። እቤት ነኝ።»

«እሺ» አለ በመጨረሻ፣ ከእኔ ለመገላገል፤ «ነገ ጠዋት ሰው እንልካለን።» ዘጋው። ዳግመኛ አልደወለም።

በማግስቱ በጠዋት ተነሥቼ ጢሜን ተላጨሁ። ኮቴን ለበስኩ። በራችን አጠገብ ካለው የአጥር ቋሚ ላይ ሚስማር መታሁ። ሰናይት የመዶሻ ድምፅ ሰምታ ወጣች፣ ሚስማሩን አየች፣ ኮቴን አየች፣ ተመልሳ ገባች። ውሃ በጆግ ቀድቼ ከአጠገቤ አስቀመጥኩ። ሰዉ ወደ ሥራ ሲሄድ አየሁ፤ ትከሻ ትከሻቸውን አየሁ።

እትዬ ዘነበች ወተት ሊያደርሱልን ሲመጡ በዚያ ሁኔታ አገኙኝ።

«ምንድነው እንዲህ ማማር?»

«ሰው እጠብቃለሁ።»

«ማንን?»

ውሸት ልፈልግ ነበር፤ ስንት ዓመት ሙሉ ለማንም ሰው ወሬ አጥቼ አላውቅም። ለእሳቸው ግን ሁሉንም እንደነበረ ነገርኳቸው። ሚስማሩን ረጅም ጊዜ አዩት። «ሌባ ሞኙን አገኘ» ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። የወተቱን ጣሳ መሬት ላይ አስቀምጠው ከቤት ሌላ በርጩማ አውጥተው ከአጠገቤ ተቀመጡ፤ ወደ መንገዱ ዞረው። እስከ ምሳ ሰዓት አብረን ጠበቅን።

ማንም አልመጣም። ሌባ መሆኑን ስሜን ሲጠራ ነው ያወቅኩት፤ ባለመምጣቱ ግን ከፋኝ።